ኢንትራንስ ሲቃረብ ባዮሎጂ ከየት ይጀመር? የጅማ ተማሪዎችና አስጠኚዎች ክር

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጅማ ቆጪ ሰፈር የ12ኛ ክፍል ልጆችን ባዮሎጂ አስጠናለሁ። ፈተናው ሲቃረብ በየዓመቱ የማየው ነገር አለ። ልጆቹ የ9ኛ ክፍሉን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምሩታል። በባለቀለም እስክሪብቶ እያሰመሩ ይሄዳሉ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ይደክማቸዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሽምደዳ ነው። ሚቶኮንድሪያ የሴሉ ኃይል ማመንጫ ነው ብለው በአንድ ትንፋሽ ይነግሩሃል። የምንተነፍሰው ኦክስጅን እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል ስትላቸው ግን ጸጥ ይላሉ።

ስለዚህ የጻፍኩት ሐሳብ ይህ ነበር። በቀሩት ሳምንታት መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ይቅር። ጥቂት ሂደቶች ይመረጡ። በሴል ሽፋን በኩል የሚገባና የሚወጣው፣ ኤንዛይም፣ ፎቶሲንተሲስና ሬስፒሬሽን፣ የሴል ክፍፍል፣ ውርስ፣ ከዲኤንኤ ወደ ፕሮቲን ያለው መንገድ፣ በሥነ ምህዳር ውስጥ ኃይል የሚሄድበት መስመር። ልጁ መጽሐፉን ይዝጋ። ባዶ ወረቀት ይውሰድ። ምን እንደገባ፣ የት እንደተሠራ፣ ምን እንደወጣ ይሳል። መሳል ያቃተውን ቦታ ብቻ ተመልሶ ያንብብ። ከዚያ ጠየቅኩ፦ እናንተ ከየቱ ትጀምራላችሁ? እንዴትስ አድርጋችሁ ታሳያላችሁ?

የተባለውን በተራ ቁጥሩ እየተከተልኩ በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ። ፍሬ ያለበት ላይ ቆም እላለሁ፣ ሌላውን አልፈዋለሁ።

1ኛው ምላሽ ከአንድ የመርካቶ ሰፈር ተፈታኝ ነው፤ የእኛው የጅማው መርካቶ። በትሕትና አመስግኖ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ትምህርት ይመጣል ወይ ሲል ጠየቀ። 2ኛዋ መላሽ መምህርት ናቸው። ሥርዓተ ትምህርቱ በቅርብ ዓመታት ስለተቀየረ የዘንድሮውን ወሰን ከትምህርት ቤቱ እንዲጠይቅ መከሩት። የታላቅ ወንድሙ ወርክሺት ላይ ያለው ሁሉ ለእሱ ላይሠራ ይችላል። በቀጥታ ባይጠየቅ እንኳ ሴልና ኤንዛይም ያልገባው ልጅ የ12ኛውን ክፍል አይከተለውም አሉ። በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ኤንዛይም ላይ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ብዙ ልጅ የሚወድቅበት ነው። ሙቀት ሲበዛ የኤንዛይሙ ቅርጽ ይበላሻል፣ ተመልሶም አይሠራም። ብርድ ግን ሥራውን ያዘገየዋል እንጂ ቅርጹን አያጠፋውም። ሙቀቱ ሲስተካከል ሥራውን ይቀጥላል። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያቀርብ ምርጫ ካያችሁ እለፉት።

3ኛው በነርስነት የሚሠራ ሰው ነው። እሱ የሚጀምረው ከኦስሞሲስ፣ ውኃ በሴል ሽፋን በኩል ከሚያልፍበት ሂደት፣ ነው። ለታማሚ በደም ሥር የሚሰጠው ጨዋማ ግሉኮስ አልባ ፈሳሽ ለምን 0.9 በመቶ ጨው እንደሆነ ልጆቹን ጠይቋቸው አለ። ንጹሕ ውኃ በቀጥታ ወደ ደም ቢገባ ውኃው ወደ ቀይ የደም ሴሎች ይገባል። ሴሎቹ ያብጣሉ፣ ይፈነዳሉ። ጨው የበዛበት ቢሆን ደግሞ ውኃው ከሴሎቹ ይወጣና ይጨማደዳሉ። የእፅዋት ሴል ግን ጠንካራ ግድግዳ ስላለው ያብጣል እንጂ አይፈነዳም። ሃይፖቶኒክ (ጨዉ ከሴሉ ያነሰ) እና ሃይፐርቶኒክ (ጨዉ የበዛ) የሚሉትን ቃላት ሲያምታቱ የነበሩ ልጆቼ ይህን ካነበብኩላቸው በኋላ አላምታቱም። ውኃው ወዴት ሄደ ብለው ራሳቸውን ይጠይቃሉ፣ በቃ።

ከ4ኛው እስከ 9ኛው ያለው አንድ ጠብ ነው። 4ኛው ጸሐፊ ከአንድ ግሉኮስ 38 ኤቲፒ፣ ሴሉ ለሥራ የሚጠቀምበት የኃይል ሞለኪውል፣ ይገኛል ብሎ ጀመረ። 5ኛው 36 ነው አለ። 6ኛው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይመስላል፣ ሁለታችሁም ያረጀ ነገር ነው የያዛችሁት፣ ከ30 እስከ 32 ነው አለ። አነጋገሩ ትንሽ ሻከር ያለ ነበር። 7ኛው ተቆጣ። ልጆች ለፈተና እየተዘጋጁ ባሉበት ሰዓት ግራ የምታጋባቸው ለምንድን ነው ሲል ወቀሰው። 8ኛው ደግሞ 7ኛውን ዞሮ ወቀሰ፤ እውነትን መናገር ግራ ማጋባት አይደለም ባይ ነው።

ነገሩን ያበረዱት 9ኛዋ መላሽ ናቸው፤ እኒያው የኤንዛይሟ መምህርት። ሦስቱም ቁጥሮች ከየት እንደመጡ አስረዱ። ግሉኮሱ የሚሰነጠቅበት ግላይኮሊሲስ የሚካሄደው ከሚቶኮንድሪያው ውጭ በሳይቶፕላዝም ነው፤ የተጣራው ትርፍ 2 ኤቲፒ ነው። የክሬብስ ዑደት በሚቶኮንድሪያው ማትሪክስ ውስጥ ሌላ 2 ይሰጣል። የቀረው ብዙው የሚመረተው በውስጠኛው ሽፋን ላይ ባለው የኤሌክትሮን ማስተላለፊያ ሰንሰለት ነው። የ36ና የ38 ልዩነት የሚመጣው በግላይኮሊሲስ ከተገኙት 2 ኤንኤዲኤች፣ ማለትም ኤሌክትሮን ተሸካሚ ሞለኪውሎች፣ ነው። ኤሌክትሮናቸው ወደ ሚቶኮንድሪያው በየትኛው መንገድ እንደገባ ሒሳቡን ይቀይረዋል። ከ30 እስከ 32 የሚለው ደግሞ እያንዳንዱ ኤንኤዲኤች 3 ሳይሆን ወደ 2.5 ኤቲፒ፣ ሌላው ተሸካሚ ኤፍኤዲኤች2 ደግሞ 2 ሳይሆን ወደ 1.5 ብቻ እንደሚያስገኝ ከታወቀ በኋላ የመጣ ስሌት ነው። ለፈተና በእጃችሁ ያለውን የተማሪ መጽሐፍ ቁጥር ያዙ፣ ከቁጥሩ በላይ ግን የት ቦታ እንደሚመረት እወቁ አሉ። ኦክስጅንም የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ኤሌክትሮኖቹን ተቀብሎ ከሃይድሮጅን ጋር ውኃ ይሆናል። ስከፍት ለጠየቅኩት ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ኦክስጅን ከሌለ ሰንሰለቱ ይቆማል። ያኔ እርሾ ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የደከመ ጡንቻችን ወደ ላክቲክ አሲድ ይዞራል።

10ኛው ምላሽ የክሩ ልብ ነው ብዬ አምናለሁ። የጻፉት በአጋሮ ረጅም ዓመት ያስተማሩ መምህር ናቸው። ሚዮሲስን፣ የወንዴና የሴቴ ዘር ሴሎች የሚሠሩበትን ክፍፍል፣ የሚያስተምሩት በቡና ፍሬ ነው። ስምንት ፍሬ ይበቃል። አራቱ ጥሬ፣ አራቱ የተቆላ። ጥሬው ከእናት የመጣ ነው፣ የተቆላው ከአባት። ከጥሬዎቹ ሁለቱ ትልልቅ ሁለቱ ትንንሽ ይሁኑ፤ ከተቆሉትም እንዲሁ። አሁን ሁለት ትልልቅ ጥሬ ፍሬዎችን ጠፍጣፋ ጎናቸውን አገጣጥመህ በክር ወገባቸውን ታስራለህ። ያ አንድ ክሮሞዞም ነው፤ ሁለቱ ፍሬዎች እህትማማች ክሮማቲዶች ናቸው። ሌሎቹንም ሦስት ጥንዶች እንዲሁ ታስራለህ። ረከቦቱ ላይ አራት ክሮሞዞም ተቀመጠ ማለት ነው።

አንደኛው ክፍፍል ላይ ክሩ አይነካም። ትልቁ ጥሬ ከትልቁ የተቆላ ጋር ጎን ለጎን ይቆማል፣ ትንሹም ከትንሹ ጋር። ከዚያ ይለያያሉ። አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ። በየጎኑ ሁለት ሁለት ክሮሞዞም ቀረ። ቁጥሩ የተከፈለው እዚህ ላይ ነው። ፍሬዎቹ ግን አሁንም ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደታሰሩ ናቸው። ክሩ በመቀስ የሚቆረጠው ሁለተኛው ክፍፍል ላይ ነው። በመጨረሻ አራት ቡድን ይሆናል፣ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ፍሬ።

መምህሩ ልጆቹን ፍሬዎቹን እንደገና እንዲያሰልፉ ያደርጋሉ። በዚህኛው ዙር ትልቁ ጥሬ ወደ ቀኝ ሲሄድ ትንሹ ጥሬ ወደ ግራ ይሂድ ይላሉ። አሁን በአንዱ ቡድን ውስጥ የእናት ትልቁና የአባት ትንሹ አንድ ላይ ሆኑ። በሁለት ጥንድ ክሮሞዞም አራት ዓይነት ድብልቅ ይወጣል። ሰው 23 ጥንድ ስላለው ሁለትን 23 ጊዜ በራሱ ማባዛት ነው፤ ከ8 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። የአንድ እናትና አባት ልጆች ለምን እንደማይመሳሰሉ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ገለጻ አላገኘሁም።

እኔም ወዲያው ከልጆቼ ጋር ሞከርኩት። ከአንደኛው ክፍፍል በኋላ አንድ የሰው ሴል ስንት ክሮሞዞም አለው የሚለው ጥያቄ በየሞዴል ፈተናው ይመጣል። 46 ብላ ትመልስ የነበረች ልጅ ፍሬዎቹን አየቻቸው። የታሰረውን ጥንድ አንድ ብላ ቆጠረችና 23 አለች። እያንዳንዱ ሁለት ክሮማቲድ እንዳለውም ራሷ ጨመረች።

11ኛው ጸሐፊ ዘዴውን አመስግኖ ጉድለቱን አነሳ። በፍሬ ክሮሲንግ ኦቨርን፣ የእናትና የአባት ክሮሞዞሞች ቁራጭ የሚቀያየሩበትን፣ ማሳየት አይቻልም፤ ፍሬው ተቆርጦ አይቀያየርም። ትክክለኛ ትችት ነው። መምህሩ በ12ኛው መልሰው ለዚያ ሁለት ቀለም ያለው የሹራብ ክር እንደሚጠቀሙ ገለጹ። ጫፍ ጫፋቸውን ቆርጠው ያቀያይሩና ይቋጥሩታል። 13ኛው የቡና ዋጋ የት እንደደረሰ አስታውሶ በባቄላና በአተር ይሠራ አለ። እሱም ይሆናል፤ የእናትና የአባቱ ቀለም ከተለየ በቂ ነው።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ቡና አዘነበለ። ጅማ ላይ ይህ አይቀርም። ግን 14ኛው ጠቃሚ ነገር ይዞ መጣ። ግብርና የሚያጠና ወጣት ነው። ቡና ራሱ የባዮሎጂ ጥያቄ ነው አለ። የእኛው ቡና፣ አረቢካ፣ 44 ክሮሞዞም አለው። አብዛኞቹ የቡና ዘመዶቹ 22 ብቻ ናቸው። አረቢካ የተገኘው ከሁለት የቡና ዝርያዎች ድቅል ነው፤ አንዱ ሮቡስታ የምንለው ካኔፎራ፣ ሌላው ዩጂኒኦይደስ ይባላል። የሁለቱም ክሮሞዞም ሙሉ ስብስብ አብሮ ስለቀረ ቁጥሩ እጥፍ ሆነ። ፖሊፕሎይዲ የሚለውን ቃል ሸምድዶ ለሚረሳ ልጅ ከጓሮው የተሻለ ምሳሌ የለም። ቀጥሎም ጥያቄ ጣለ፦ በአረቢካ አበባ ዱቄት ውስጥ ስንት ክሮሞዞም ይኖራል? 15ኛው ቸኩሎ 11 አለ። 16ኛው አረመው፤ የ44 ግማሽ 22 ነው።

ያው የግብርና ልጅ በ17ኛው ምላሽ ላይ ምርጫ (ሴሌክሽን) የሚባለውን ነገር በመልኮ አስረዳ። መልኮ ከከተማችን አጠገብ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያለበት ቦታ ነው። የቡና ፍሬ በሽታ፣ ፈንገስ ነው፣ በኢትዮጵያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ፍሬውን ገና አረንጓዴ ሳለ ያጠቁረዋል። ተመራማሪዎቹ በበሽታው መሐል ጤነኛ ሆነው የቆሙ ዛፎችን ፈልገው ዘራቸውን ሰበሰቡ። ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው 74110 እና 74112 የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው። መነሻው ላይ ያለው 74 የተመረጡበትን 1974፣ በፈረንጆቹ ማለት ነው፣ ያመለክታል። ልጆቹ ከዚህ የሚይዙት ሁለት ነገር ነው። በሽታው ዛፎቹን ተቋቋሚ አላደረጋቸውም። ልዩነቱ በዛፎቹ መካከል ቀድሞም ነበር፣ በሽታው ለየው። ሁለተኛ፣ መራጩ ሰው ከሆነ ሰው ሠራሽ ምርጫ ይባላል፤ መራጩ አካባቢው ከሆነ ተፈጥሯዊ ምርጫ ነው። ተህዋሲያን መድኃኒት ስለለመዱ ተቋቋሚ ሆኑ የሚል አማራጭ መልስ ፈተና ላይ ሲመጣ ብዙው ልጅ ይወስደዋል። ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ከላይ ያለው ነው።

18ኛው ምላሽ ክሩን አሞቀው። ጸሐፊው የዝግመተ ለውጥን ምዕራፍ ከእምነቱ ጋር ስለማይሄድ ልጆቹን እንዲዘሉት እንደሚመክር ጻፈ። 19ኛው ክፉ ቃል ተናገረው፤ ያን አልደግመውም። 20ኛው ለ19ኛው በዚያው ልክ መለሰ። 21ኛው ሁለቱም እንዲያቆሙ ለመነ። ከዚያ አንድ አባት፣ በ22ኛው፣ ረጋ ብለው ገቡ። ራሳቸው ሃይማኖተኛ ናቸው፣ ልጃቸው ደግሞ ተፈታኝ። ልጁ መጽሐፉ የሚለውን አውቆ እንዲመልስ፣ ልቡ የሚያምነውን ደግሞ በቤቱ እንዲወያይበት እንደሚያደርጉ ነገሩን። አንድን ምዕራፍ መዝለል ነጥብ መጣል ነው አሉ። እኔም ልጆቼን እንዲህ ነው የምመክረው። ላማርክና ዳርዊን የተለያዩበትን ነጥብ፣ የሰው እጅና የሌሊት ወፍ ክንፍ አጥንታቸው ለምን እንደሚመሳሰል ሳያውቁ መግባት የለባቸውም።

ነርሱ በ23ኛው ተመልሶ ተፈጥሯዊ ምርጫን በወባ አሳየን። ጅማ ዙሪያ፣ በተለይ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወረድ፣ ወባን የማያውቅ ቤት የለም። በሲክል ሴል፣ በዘር በሚወረስ የደም በሽታ፣ ምክንያት ሁለቱም አሌሎቹ (ከእናትና ከአባት የወረሳቸው የጂን ቅጂዎች) የተለወጡበት ሰው በከባድ የደም ማነስ ይታመማል። አንዱ ብቻ የተለወጠበት ሰው ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው፣ ከፋልሲፓረም ወባ ከባድ ሕመምም ይጠበቃል። ወባ በበዛባቸው የአፍሪካ አካባቢዎች ያ አሌል ያልጠፋው ለዚህ ነው። 24ኛው ጸሐፊ እንግዲያው ተሸካሚው ወባ አይዘውም ማለት ነው ብሎ ደመደመ። ነርሱ በ25ኛው አስተካከለው። ሊይዘው ይችላል፤ የሚቀንሰው በከባዱ የመታመም ዕድሉ ነው። ተፈታኞች ልብ በሉ፣ ፈጽሞ የሚል ቃል ያለበት ምርጫ ሁልጊዜ ሁለቴ መታየት አለበት።

26ኛዋ እናት ናቸው። ስለ ባዮሎጂ አልነበረም። ልጃቸው ለፈተና ከቤት ርቃ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ማደሯ አሳስቧቸዋል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ነው፤ ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለመከላከል። 27ኛው መላሽ በዚያ ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አስታውሶ የዛሬ ልጅ ሰነፍ ነው አለ። በዚህ አልስማማም፣ እዚያውም ጽፌዋለሁ፤ 28ኛው የእኔ ነው። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ነበረው። ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። የሽንኩርት ልጣጭ ሴል በዓይኔ ሳላይ ነው 12ኛን የጨረስኩት። ዛሬም እንዲያ ያሉ ልጆች ብዙ ናቸው። ያላሳየነውን አላወቅህም ብሎ ልጁን መስደብ ግፍ ነው። ለእናትየዋ ግን 29ኛዋ ጥሩ መልስ ሰጠቻቸው፤ አምና ተፈትና ሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) የገባች ልጅ ናት። እማማ አይስጉ፣ ጓደኞቿ አብረዋት ናቸው ብላ ጀመረች። መታወቂያዋንና የመፈተኛ ካርዷን ከዋዜማው በፊት እንድታዘጋጅ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዳታነብና እንድትተኛ መከረቻቸው። ያለ እንቅልፍ የተሸመደደ ጠዋት ላይ የለም አለች።

30ኛው የዘንድሮ ፈተና በቴሌግራም እንደሚሸጥ የሚገልጽ ማስታወቂያ ነበር። አስተዳዳሪው ወዲያው አጠፋው። ቁጥሩ ብቻ ባዶውን ቀርቷል። በየዓመቱ እንዲህ ያለ ይመጣል፣ በየዓመቱም የድሃ እናት ገንዘብ ይበላል። እባካችሁ ልጆች፣ አትላኩላቸው።

31ኛው ስለ ጥላ ዛፍ ጻፈ። ቡናችን ከዋንዛና ከብርብራ ሥር የሚያድገው ለምንድን ነው፣ ብርሃን ከበዛ ፎቶሲንተሲስ አይጨምርም ወይ ሲል ጠየቀ። የግብርናው ልጅ መለሰ። ብርሃን እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ሥራውን ያፋጥናል። ከዚያ በኋላ የሚያግደው ሌላ ነገር ይሆናል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወይም ሙቀቱ። ግራፉ ወደ ላይ ይወጣና ይተኛል። ፈተና ላይ ያ የተኛው መስመር ምን ይላል ብለው ይጠይቃሉ። በዚያው 33ኛው ዕፅዋት ቀን ፎቶሲንተሲስ፣ ሌሊት ሬስፒሬሽን ያካሂዳሉ አለ። ሦስት ሰው ተረባርቦ አረመው። ሬስፒሬሽን ቀንም ሌሊትም አለ። ቀን ላይ ፎቶሲንተሲሱ ስለሚበልጥ ነው ኦክስጅን ሲወጣ የምናየው። ኦክስጅኑም የሚመጣው ከተሰነጠቀው ውኃ ነው፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ አይደለም። በክሎሮፕላስቱ ውስጥ ብርሃን የሚፈልገው ክፍል ታይላኮይድ በሚባለው ሽፋን ላይ፣ ስኳር የሚሠራው የካልቪን ዑደት በዙሪያው ባለው ፈሳሽ፣ በስትሮማ ውስጥ ነው።

37ኛው ላይ አንድ ልጅ የሃርዲ ዋይንበርግ ጥያቄ፣ በአንድ ሕዝብ ውስጥ የአሌሎች ድግግሞሽ የሚሰላበትን፣ ይዞ መጣ። ከአንድ ሕዝብ 16 በመቶው ሪሴሲቭ ባሕርይ ቢያሳይ ተሸካሚዎቹ ስንት በመቶ ናቸው? እሱ 16ን ከ100 ቀንሶ ዶሚናንቱ አሌል 0.84 ነው ብሎ ጀመረ። እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከልጆቼ ግማሹ በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። የአጋሮው መምህር አረሙት። የምናየው 16 በመቶ ሰዎቹ ናቸው፣ አሌሉ አይደለም። ባሕርዩ እንዲታይ ሰውየው ሁለት ሪሴሲቭ አሌል መያዝ አለበት። ስለዚህ 0.16 የሪሴሲቩ አሌል ድግግሞሽ በራሱ ተባዝቶ የመጣ ነው። ሥሩን አውጣ፣ 0.4 ይሆናል። የዶሚናንቱ ቀሪው 0.6 ነው። ተሸካሚዎቹ ሁለት ጊዜ 0.6 ጊዜ 0.4፣ ማለትም 0.48። መልሱ 48 በመቶ። ማረጋገጫውም ቀላል ነው፤ 0.36ና 0.48ና 0.16 ሲደመሩ 1 ይመጣሉ። ልጁ አንድ ሌላ ጥያቄ ራሱ ሠርቶ ለጠፈ። በትክክል ነበር።

38ኛው የሥነ ምህዳርን ኃይል በቦዬ ረግረግ ለማሳየት ሞከረ፤ ቄጠማውን፣ ነፍሳቱን፣ እንቁራሪቷን፣ ወፉን። ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ የሚያልፈው ኃይል በአማካይ 10 በመቶ ያህል ነው፤ የቀረው አብዛኛው በሙቀት ይጠፋል። ኃይል አይዞርም፣ ንጥረ ነገር ግን ይዞራል። ይህንን የያዘ ልጅ ምዕራፉን ያዘው።

39ኛዋ ከሊሙ የጻፈች ተፈታኝ ናት። የዲኤንኤው አብነት ክር ቲኤሲ፣ ጂጂኤ፣ ኤቲቲ ከሆነ ስንት አሚኖ አሲድ ይሠራል ብላ ጠየቀች። እሷ 3 ብላለች። እኔ መለስኩላት። መልእክተኛው አርኤንኤ ኤዩጂ፣ ሲሲዩ፣ ዩኤኤ ይሆናል። ኤዩጂ መጀመሪያ ነው፣ ሜቲዮኒንን ያመጣል። ሲሲዩ ፕሮሊን ነው። ዩኤኤ ግን ማቆሚያ ነው፤ አሚኖ አሲድ የለውም። ስለዚህ 2። በ41ኛው ተመልሳ የማቆሚያዎቹ ስንት ናቸው አለች። ሦስት ናቸው፤ ዩኤኤ፣ ዩኤጂና ዩጂኤ። በ43ኛው ደግሞ የኤዩጂ አንቲኮዶን፣ አሚኖ አሲድ በሚያመጣው አርኤንኤ ላይ ያለው ተጣማጅ፣ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ከእኔ ቀድሞ የመርካቶው ተፈታኝ መለሰላት፦ ዩኤሲ።